ጣሊያን ገጠር ለምግብና ለወይን ጉብኝት ስትወጡ፦ በቀን ሁለት ቦታ ይበቃል

ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመዶቼን ይዤ የወጣሁ ቀን አራት የወይን እርሻ ነው ያየነው። ከፍሎሬንስ በሚኒባስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነሳን። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የጣሊያን ትኬት ላይ 9 ሆኖ ታገኙታላችሁ።) ሦስተኛው እርሻ ላይ የአጎቴ ልጅ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ "ይሄኛው ከቅድሙ በምን ይለያል?" አለኝ። እኔም አላወቅኩም። ምላሴ ደንዝዟል። አራተኛው ጋ ስንደርስ ግማሹ ሰው ከመኪናው አልወረደም።

ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነበር። ለምሳ የቀረበው ሳህን ሙሉ የአሳማ ሥጋና ፎርማጆ ነው። አክስቴ ዝም ብለው ዳቦ በውሃ በሉ። የቶስካና፣ የፍሎሬንስ አካባቢ፣ ዳቦ ደግሞ ጨው አይገባበትም። አንድ ጎርሰው ቀና ብለው ያዩኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ጥፋቱ የአስጎብኚው ብቻ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፣ አልተናገርኩም። አሁን የምኖረው ቦሎኛ ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር የማዞረው እኔ ስለሆንኩ ነገሩን እየተሳሳትኩ ተምሬዋለሁ። እናንተ ከእኔ ስህተት ጀምሩ።

1. ወሩን ከጾሙ ጋር አስታርቁት

ወይን የሚለቀመው በአብዛኛው ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ነው። ጣሊያኖቹ ቬንዴሚያ ይሉታል። ለሚጾም ሰው ይህ ወቅት የተመቸ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 15 ያበቃል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በመካከል ያለው የጽጌ ጾም መስከረም 26 ቢጀምርም የፈቃድ ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽን ቤታችሁ አክብራችሁ ብትነሱ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ማሰብ ይበቃችኋል።

የፈረንጆቹን ኦገስት ተዉት። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ኦገስት 15 ደግሞ ፌራጎስቶ የሚባል ትልቅ በዓላቸው ስለሆነ በዚያ ሰሞን ብዙ ቦታ ዝግ ነው። ወይን ለማይጠጣ ሰው ግን የምመርጥለት ኖቬምበርን ነው። ያኔ የወይራ ዘይት ይጨመቃል። በከሰል የተጠበሰ ዳቦ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይፈተግና አዲሱ አረንጓዴ ዘይት ይፈስበታል። ፌቱንታ ይባላል። ጉሮሮን ትንሽ ያቃጥላል፣ ጥሩነቱም በዚያ ይታወቃል። የጾም መሆኑን ልብ በሉልኝ።

2. አንድ አካባቢ ያዙ

"ጣሊያን" ብላችሁ አታቅዱ። ሦስት ቦታ ልጥቀስላችሁ፣ አንዱን ወይም ግፋ ቢል ሁለቱን ውሰዱ።

ኪያንቲ በፍሎሬንስና በሲዬና መካከል ያለው ኮረብታማ አገር ነው። ግሬቬ፣ ፓንዛኖ፣ ራዳ፣ ካስቴሊና፣ ጋዮሌ የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉት። ሥዕል ላይ የምታዩት ጣሊያን፣ ኮረብታ ላይ የተደረደረ ጥድ የሚመስል ዛፍና የድንጋይ ቤት፣ እዚህ ነው። ወይኑ ቀይ ነው።

ኤሚሊያ የምላችሁ ከቦሎኛ በሞዴና አድርጎ ፓርማ የሚደርሰውን ሜዳ ነው። ለዓይን ያን ያህል አይደለም። ለሆድ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ፓርሚጃኖ ፎርማጆ፣ የሞዴና አቼቶ፣ ላምብሩስኮ የሚባል አረፋ ያለው ቀይ ወይን፣ ሁሉም የዚህ አገር ነው። ከተሞቹ በባቡር ይገናኛሉ።

ላንጌ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል፣ አልባ ከተማ ዙሪያ ነው። ባሮሎ የሚባለው ወይን ቢያንስ 38 ወር ሳይቆይ አይሸጥም። በኦክቶበርና በኖቬምበር መሬት ውስጥ የሚበቅለውን ነጭ ትሩፍል የሚባል እንጉዳይ በውሻ እያሸተቱ ይፈልጋሉ። ውድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም።

እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ አንድ ቀን ኤሚሊያ፣ አንድ ቀን ኪያንቲ ነው የምሰጠው። ከቦሎኛ ፍሎሬንስ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

3. ቪዛ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይችላል። ቶሎ አስገቡ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን የማጣሪያውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ቪዛ ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ጉብኝት አትክፈሉ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሮምና ሚላኖ ያርፋል። ከሁለቱም በባቡር መቀጠል ቀላል ነው።

4. አስጎብኚውን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁት

መኪና ተከራይተን ራሳችን እንሂድ የሚል አይጠፋም። ሕጉ ለነጂው የሚፈቅደው የአልኮል መጠን በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ደግሞ ጭራሽ ዜሮ ነው። ሁለት እርሻ ቀምሶ መሪ መያዝ አይሆንም። በዚያ ላይ የከተሞቹ እምብርት ያለፈቃድ መኪና አያስገባም። ዜድ-ቲ-ኤል የሚሉት ክልል ነው። ካሜራው ታርጋችሁን ያነሳና ቤታችሁ ገብታችሁ ሁሉን ከረሳችሁ በኋላ ቅጣቱ በፖስታ ይደርሳችኋል። ስለዚህ ሹፌር ያለው ጉብኝት ያዙ።

የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ስንት ሰው ነው የሚሄደው? ከስምንት ካለፈ ሌላ እፈልጋለሁ። በቀን ስንት ቦታ ይቆማል? "አራት" ካለኝ ስልኩን እዘጋለሁ። ሁለት ነው የምፈልገው፣ በመካከል ምሳ። የቅምሻው ዋጋ በክፍያው ውስጥ አለ ወይስ እዚያ ስንደርስ ለየብቻ ነው? ምሳውን የሚያቀርበው ማነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይብራራ። አግሪቱሪዝሞ የሚባል ነገር አለ። ገበሬው እርሻውን እያረሰ እንግዳ የሚቀበልበት ቤት ነው። ሕግ ያለው ሲሆን ቤቱ እውነተኛ እርሻ መሆን አለበት፣ ምግቡም ከራሱ ማሳና ከአካባቢው መምጣት አለበት። ምሳችሁ አግሪቱሪዝሞ ከሆነ ብዙ ጊዜ አታፍሩም። አደባባይ ላይ በአምስት ቋንቋ ሜኑ የለጠፈ ምግብ ቤት ከሆነ ግን ሌላ አስጎብኚ ፈልጉ።

አማርኛ የሚናገር አስጎብኚ በገጠሩ አልገጠመኝም። በእንግሊዝኛ ያዙና ለታላላቆቻችሁ እናንተ አስተርጉሙ።

5. የማትበሉትን አስቀድማችሁ ጻፉ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም። ኤሚሊያ ደግሞ የአሳማ አገር ናት። ሥጋው ሳህን ላይ ቁጭ ብሎ ቢታይ ኖሮ ችግር አልነበረም። ነገር ግን የሚደበቅበት ብዙ ነው። የቦሎኛ ራጉ የበሬ ሥጋ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የአሳማ ፓንቼታ ይገባበታል። ቶርቴሊኒ ሆዱ ውስጥ ያለው አሳማ ነው። ፒያዲና የሚባለው ቂጣ አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ስብ ይቦካል። ትኩስ ትኩሱን የሚያመጡላችሁ ተጠብሶ የተነፋ ሊጥም በዚያው ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ስቡን ስትሩቶ ይሉታል። ቃሏን ያዟት።

ስለዚህ ስታስይዙ፣ ያውም በጽሑፍ፣ እንዲህ በሏቸው፦ "ኖን ማንጃሞ ማያሌ፣ ኔፑሬ ስትሩቶ።" አሳማ አንበላም፣ ስቡንም ጭምር ማለት ነው። በምትኩ ብሬዛኦላ ጠይቁ። በጨው የደረቀ የበሬ ሥጋ ነው። ቋንጣ የሚወድ ሰው ይግባባዋል።

ለጾም "ዛሬ እንጾማለን" ብትሉ ጣሊያኑ ዓሣና ፎርማጆ ያቀርብላችኋል። የእነሱ ጾም እንደዚያ ነዋ። አጭሩ መንገድ "ቬጋኖ" ማለት ነው። ሃይማኖቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ቶስካና ውስጥ ለጾመኛ የሚሆን ምግብ ሞልቷል። ፒቺ የሚባለው ወፍራም የእጅ ፓስታ በዱቄትና በውሃ ነው የሚሠራው፣ አሊዮኔ ከተባለ ትልልቅ ነጭ ሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ይቀርባል። ፓፓ አል ፖሞዶሮ ደረቅ ዳቦ በቲማቲም ተፈትፍቶ የተሠራ ነው። አክስቴ "ይሄማ ፍትፍት ነው" ብለው ሁለቴ አስጨመሩ። ቼቺና ደግሞ የሽምብራ ዱቄት በውሃና በዘይት ተበጥብጦ በምድጃ የሚጋገር ቂጣ ነው። ሪቦሊታ የሚሉትን የባቄላና የጎመን ሾርባ ግን ጠይቁ፣ አንዳንዱ ቤት የሥጋ ቁራጭ ይጥልበታል። የቦሎኛ ታሊያቴሌ እንቁላል ስላለበት ለጾም አይሆንም። የፓኬት ደረቅ ፓስታ ይሆናል።

የፎርማጆ ጉብኝቱን ረቡዕና ዓርብ አታድርጉት። ሐሙስ ውሰዱት።

6. ጠዋት ፎርማጆ ቤት

ፓርሚጃኖ የሚሠራው በየቀኑ ጠዋት ነው፣ በዓልም ቢሆን። ከረፈደ የሚታየው የታጠበ ወለል ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ድረሱ። ሙቅ ነው፣ ወለሉም ይረጥባል። ሸራ ጫማ አታድርጉ።

ባለፈው ከአክስቴ ጋር የገባንበት ቤት የተገለበጠ ደወል የሚመስሉ የመዳብ ጋኖች በመስመር ተደርድረዋል። አንዱ ጋን 1,100 ሊትር ገደማ ወተት ይይዛል። የማታው ወተት ክሬሙ ተገፎ ከጠዋቱ ጋር ይደባለቃል። ከጥጃ ጨጓራ የሚገኝ ማርጊያ ሲገባበት በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ከዚያ ባለሙያው ትልቅ የሽቦ መምቻ አስገብቶ የረጋውን ሰባበረው። የስንዴ ፍሬ ሲያህል አቆመ። ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ እፍኝ ዘገነና ጨመቅ አድርጎ አየው። ሰዓት አላየም፣ መሣሪያም አልያዘም።

ከሞቀ በኋላ ሁሉም ከታች ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች በበፍታ ጨርቅ አንስተው ከሁለት ቆረጡት። መንትያ ይሏቸዋል። ከአንድ ጋን ሁለት ብቻ ነው የሚወጣው፣ አንዱ ሲደርስ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አክስቴ ግን ዓይናቸው የተረፈው ፈሳሽ ላይ ነበር። ብጫ አረንጓዴ ነው። "አጓት ነው እኮ! ይደፉታል እንዴ?" አሉኝ። አስተረጎምኩ። ባለሙያው ሳቀና አይደፋም፣ መልሰን እናሞቀውና ሪኮታ ይወጣዋል አለ። ሪኮታ ራሱ "ደግሞ የበሰለ" ማለት ነው። አሬራ አሙቀው አይብ ሲያወጡ የኖሩ ሴት በዚህ አልተገረሙም። "እኛ ጋ ጤና አዳም አለበት ብለህ ንገረው" ነው ያሉኝ። ጤና አዳምን በጣሊያንኛ ማስረዳት ጊዜ ወሰደ።

ፎርማጆው ወደ 20 ቀን በጨው ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ቢያንስ 12 ወር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በ12 ወሩ መርማሪ በትንሽ መዶሻ እየነካካ ድምፁን ያዳምጣል። ውስጡ ባዶ ቦታ ካለ ድምፁ ይለወጣል። ቅምሻ ላይ የ12፣ የ24 እና የ36 ወሩን ጎን ለጎን ጠይቁ። አንድ ብቻ ከቀመሳችሁ የመጣችሁበት ምክንያት ጠፋ።

7. ወይኑን አቀማመስ

በዚያ ቀን ሽቶ አትቀቡ። ሌላውም ሰው ማሽተት ይፈልጋል። ባዶ ሆድም አትሂዱ።

ብርሌ በአንገቱ እንደሚያዝ የወይን ብርጭቆ በእግሩ ነው የሚያዝ። ሆዱን ከያዛችሁት እጃችሁ ያሞቀዋል። መጀመሪያ በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሳታነሱት አሽከርክሩና አሽትቱ። ቀጥሎ ትንሽ ጎንጭታችሁ አፋችሁን በሙሉ አዳርሱት።

አስጎብኚዎች "ቼሪ፣ ቫዮሌት" ይላሉ። ቫዮሌት አሽትታችሁ የማታውቁ ከሆነ እንደሸተታችሁ አታስመስሉ። የምታውቁትን ጥሩ። አክስቴ ሁለተኛውን ብርጭቆ አሽትተው "አዲስ የቆዳ ቦርሳ" አሉ። አስጎብኚዋ አጨበጨበች። ሳንጆቬዜ ከሚባለው የወይን ፍሬ የሚሠራው የኪያንቲ ወይን ሲቆይ የሚታወቅበት ሽታ ያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ባዶ ዕቃ ታያላችሁ። የተረፈውን መድፊያ፣ ከአፍ መትፊያም ነው። ለእኛ ይከብዳል። ሰው የቀዳልንን መድፋት ነውር ነው ተብለን አድገናል። እዚህ ግን ባለቤቱ ራሱ ይተፋል። ከስድስት ብርጭቆ ሁለቱን ዋጡ፣ አራቱን ድፉ። "በሞቴ" የሚል የለም።

ኪያንቲ ስትገዙ ስሙን ጨርሳችሁ አንብቡ። "ኪያንቲ" እና "ኪያንቲ ክላሲኮ" የተለያዩ ናቸው። ክላሲኮው ከጥንቱ ቦታ የሚመጣው ነው። የቶስካናው ገዢ ኮዚሞ ሦስተኛ ድንበሩን በአዋጅ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1716 ነበር። ቢያንስ 80 ከመቶው ሳንጆቬዜ መሆን አለበት። የጠርሙሱ አንገት ወይም ጀርባ ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ አለ። ስለ ዶሮው የሚያወሩት እንዲህ ነው። ፍሎሬንስና ሲዬና በድንበር ሲጣሉ ዶሮ ሲጮህ ከሁለቱም ከተማ አንዳንድ ፈረሰኛ ይነሳ፣ የተገናኙበት ድንበር ይሁን ተባባሉ። የሲዬና ሰዎች ነጭ ዶሯቸውን ሲያበሉ ከረሙ። የፍሎሬንስ ሰዎች ጥቁሩን አስራቡት። የራበው ዶሮ ገና ሳይነጋ ጮኸ፣ ፈረሰኛቸው ቀደመ፣ መሬቱ አብዛኛው ለፍሎሬንስ ሆነ። እውነት ይሁን አይሁን አስጎብኚ ሁሉ ይነግራችኋል፣ አቋርጣችሁ "እናውቃለን" እንዳትሉት።

መደበኛው ክላሲኮ 12 ወር፣ ሪዜርቫው 24፣ ግራን ሴሌዚዮኔ የሚባለው 30 ወር ይቆያል። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። እኔ መደበኛውን እወዳለሁ፣ ከምግብ ጋር አይከብድም።

8. ምሳና ሒሳብ

ምሳ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ነው። ካለፈ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ ልመናም አይሰራም። ሒሳቡ ላይ "ኮፔርቶ" የሚል ሁለት ሦስት ዩሮ በሰው ታያላችሁ። የመቀመጫና የዳቦ ነው፣ አልተጭበረበራችሁም። ቲፕ ግዴታ የለም። ማኪያቶ ብትሉ የምታውቁት አይመጣም፣ በትንሽ ሲኒ ውስጥ ጠብታ ወተት የነካው ቡና ነው።

9. አቼቶውን አትዝለሉት

ከሰዓት በኋላ ሞዴና አካባቢ አንድ አቼታያ ግቡ። አቼቶው ያለው ምድር ቤት ሳይሆን ጣሪያ ሥር ነው፣ ምክንያቱም የበጋ ሙቀትና የክረምት ብርድ ያስፈልገዋል። የወይን ጭማቂ ተቀቅሎ ይወፍርና ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደሩ በርሜሎች ይጓዛል። በየዓመቱ ከትንሹ በርሜል ጥቂት ይቀዳል፣ የጎደለው ከቀጣዩ ይሞላል። "ትራዲዚዮናሌ" የሚለውን ስም ለማግኘት ቢያንስ 12 ዓመት፣ "ኤክስትራቬኪዮ" ለመባል ደግሞ 25 ዓመት ይፈጃል። ድሮ ሴት ልጅ ስትወለድ አባት በርሜሎቹን ይጀምርላት ነበር፣ ስትዳር ይዛቸው ትሄዳለች።

በማንኪያ ጫፍ ነው የሚያቀምሷችሁ። ማር የመሰለ ነው፣ ኮምጣጣነቱ በኋላ ይመጣል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በሁለትና በሦስት ዩሮ የሚሸጠው "ባልሳሚኮ" ከዚህ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። እውነተኛው በአንድ ዓይነት ክብ ሆድ ባለው 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻ ይሸጣል። ዋጋው ደንገጥ ያደርጋል።

10. ይዛችሁ ስትመለሱ

ፎርማጆውን አየር በሌለው ፕላስቲክ አሳሽጉት። "ሶቶቩዎቶ" በሏቸው። ደረቅ ፎርማጆ አሜሪካ ይገባል፣ ግን አስመዝግቡት። የሥጋ ውጤት ይወሰድባችኋል። ወይን ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልላችሁ አስገቡ። ሳዑዲ ወይም ኩዌት የምትኖሩ ወይኑን እዚሁ ጠጥታችሁ ጨርሱ።

አክስቴ ወይን አልገዙም። የ12 ዓመቷን አቼቶ ነው የገዙት። ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ቦርሳቸው ተከፈተና ፖሊሷ ጠርሙሷን አገላብጣ መጠኑን አየች። ልክ 100 ሚሊ ሊትር። ያኔ ለእጅ ሻንጣ የሚፈቀደውም እሱው ነበር። መልሳ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በነጠላቸው ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዟት፣ አዲስ አበባ እስኪደርሱም አላስቀመጧትም።